የሳምቡሳውን ሒሳብ ማን ከፈለ? ስለ ገንዘብ፣ ስለ ምርጫና ስለ ተማሪ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አባት አወቁኝ። ልጃቸው የእኛ ክበብ አባል ነው። «መምህር፣ ልጄን ምን እያስተማራችሁት ነው? ገንዘብና ፖለቲካ የትልቅ ሰው ነገር ነው። እሱ ትምህርቱን ይማርበት» አሉኝ። መናኸሪያ እስክንደርስ መለስኩላቸው። አልጨረስኩም። ስለዚህ እዚህ ልጨርሰው።

የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ደሴ ውስጥ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበብ ሳስተባብር 14 ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ገንዘብ በምርጫ ላይ ስላለው ጫና የሰማኋቸው ስህተቶች ብዙ አይደሉም። ያው አምስት ስድስት ናቸው፤ ሰው ብቻ ይለዋወጣል።

«ይሄ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ እኛ አገር ምን ገንዘብ አለና!»

የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011ን ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም። አዋጁ ፓርቲ ከውጭ ዜጋ፣ ከውጭ ድርጅት ወይም ማንነቱ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ሒሳቡንም በኦዲተር አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርብ ያዛል። ችግሩ እኛ ጋ ከሌለ ይህ ሁሉ አንቀጽ ለማን ተጻፈ?

«አሜሪካ ውስጥ ኩባንያ ለእጩ የፈለገውን ያህል ብር ይሰጣል።»

አይሰጥም። ይህን ተማሪዎቼ ከቴሌግራም ይዘው ይመጣሉ። ኩባንያ ከካዝናው አውጥቶ ለፌዴራል እጩ በቀጥታ መስጠት ከእ.ኤ.አ. 1907 ጀምሮ ክልክል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሲቲዝንስ ዩናይትድ» በተባለው መዝገብ፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የወሰነው ሌላ ነው። ኩባንያው ከእጩው ጋር ሳይመካከር በራሱ ስም ማስታወቂያ ቢያሠራ፣ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ የለውም አለ። ለእጩው እጁ ላይ አትሰጠውም፤ በሩ ላይ ቆመህ ግን ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ልታወድሰው ትችላለህ። እዚያ ያሉ ተማሪዎች የሚሟገቱት ይህን በመቃወም ነው። የምንቃወመውን ነገር በትክክል እንወቀው።

«የወጣት ስሜት ነው፤ ሲያድጉ ይተዉታል።»

ዶሪስ ሃዶክ የሚባሉ አሜሪካዊት አያት ገንዘብ በምርጫ ላይ ያለውን ጫና በመቃወም ከካሊፎርኒያ ዋሽንግተን ድረስ በእግራቸው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ተነስተው በ2000 ሲደርሱ 90 ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

«ገንዘብ ከፖለቲካ ጨርሶ ይውጣ ነው የምትሉት።»

እንዲህ ብለን አናውቅም። አዳራሽ ይከራያል፣ ወረቀት ይታተማል፣ ወረኢሉ ድረስ መኪና ነዳጅ ይጠጣል። ጥያቄው ማን ከፈለ፣ ስንት ከፈለ፣ ሕዝቡስ ያውቃል ወይ ነው።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ።

«ገንዘብ የሚያበላሸው ድምፅ ሲገዛ ነው። እኔ ድምፄን አልሸጥኩም፤ ምን ጉዳት አለው?»

ይህን ወላጅ ይለኛል፣ ባልደረባዬ ይለኛል፣ አንድ ጊዜ ሕግ የተማረ ሰው ጭምር ብሎኛል። ሁሉም ቅን ናቸው። ሁሉም ተሳስተዋል። ገንዘብ ዋና ሥራውን የሚሠራው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊትና በኋላ ነው። በዕለቱማ ሁሉም ነገር ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱ ስም ይቅር። ከዓመታት በፊት የተማሪዎች ፓርላማ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ሦስት ልጆች ለመወዳደር ተመዘገቡ። አንደኛው ፒያሳ ማተሚያ ቤት ያሠራው ባለቀለም ፖስተር ይዞ መጣ። ስሙ የታተመበት እስክሪብቶ አደለ። ሦስት ቀን በእረፍት ሰዓት ሳምቡሳና ለስላሳ ጋበዘ። ሁለተኛዋ ከደብተሯ ወረቀት ገንጥላ በማርከር ጻፈች። ሦስተኛዋ ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ የነበራት እሷ ነበረች። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ እንደሌለው፣ የላውንጁ ዋጋ ደግሞ ከውጭ ሱቅ እንደሚበልጥ ቆጥራ ጽፋ ይዛ ነበር።

ፖስተሩን ባየች ማግስት ስሟን ሰረዘች። ለምን ስላት «ቲቸር፣ እኔ ምን ይዤ እቆማለሁ? ይስቁብኛል» አለችኝ።

ማንም አላስፈራራትም። ማንም አልከፈላትም። ምርጫው በምስጢር ተካሄደ፣ ቆጠራውም ትክክል ነበር፤ እኔው ራሴ ታዛቢ ነበርኩ። ተማሪዎቹም «ወላሂ ቲቸር፣ ሳምቡሳውን በላን እንጂ የመረጥነው የፈለግነውን ነው» ብለው ማሉልኝ። አምናቸዋለሁ። ግን የፈለጉትን የመረጡት ከቀሩላቸው ሁለት ልጆች ነው። ሦስተኛዋን ከፊታቸው ያነሳት ገንዘብ ነው። ድምፅ አልተገዛም፤ ምርጫው ግን ከመጀመሩ በፊት ጠቧል።

ባለፖስተሩ ልጅ አሸነፈ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ አልነበረም። በዓመቱ ውስጥ ፓርላማው ስለ ስፖርት ቀን ተወያየ፣ ስለ ዩኒፎርም ተወያየ። የላውንጁ ዋጋ ግን አንድም ቀን አጀንዳ አልሆነም። ኋላ እንደሰማነው ሳምቡሳውን በነፃ ያቀረበው የላውንጁ ተከራይ ነው። ተከራዩ ልጁን «አደራ ይህን እንዳታነሳ» ብሎታል ወይ? አላለውም፣ ማለትም አያስፈልገውም። እኛ አገር ውለታ በቃል አይጠየቅም። የበላህለትን ሰው ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው፤ ይህ ነውር ጥሩ ባህላችን ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው የሚገባውም በዚሁ ጥሩ ባህል በኩል ነው። ስለዚህ ጉቦ ስንፈልግ አናገኝም። መፈለግ ያለብን ሳይነሳ የቀረውን ጥያቄ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየው ከመሾሙ በፊት ማን እንዳበላው ግን አንጠይቅም።

ከዚያ በኋላ የክበቡ ልጆች ያደረጉት ነገር ለሌሎች ክበቦችም ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ማንንም አልከሰሱም። ማተሚያ ቤት ሄደው የእንዲህ ዓይነት ፖስተር ዋጋ ጠየቁ። የእስክሪብቶውን፣ የሳምቡሳውን ዋጋ ደመሩ። ድምሩን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉ፤ ከጎኑ የሁለተኛዋን ልጅ የማርከር ዋጋ አደረጉ። ስድብ የለ፣ አስተያየት የለ፣ ሁለት ቁጥር ብቻ። ተማሪው ሰሌዳው ሥር ሲሰበሰብ አየሁ። ከዚያ ለአስተዳደሩ አንድ ገጽ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ትልልቅ ወረቀትና አንድ ማርከር ትምህርት ቤቱ ይስጥ። በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ለሁሉም እኩል አምስት ደቂቃ ይሰጥ። ምግብ ማደል ይከልከል። በቀጣዩ ዓመት ሰባት ልጆች ተወዳደሩ።

«እንግዲህ ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው» የምትሉኝ አላችሁ። አይደለም። የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ1996 ያጸደቁት ሕግ በሐሳቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እጩው ከአካባቢው ነዋሪዎች አምስት አምስት ዶላር እየሰበሰበ ደጋፊ እንዳለው ያሳያል፤ ከዚያ የምረጡኝ ወጪውን መንግሥት ይሸፍንለታል። የሲያትል ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው ሕግ ለነዋሪ አራት ባለ 25 ዶላር ኩፖን ትሰጣለች፤ ነዋሪው ለወደደው እጩ ያበረክታል። የእኛም አዋጅ ፓርቲዎች ከመንግሥት ድጋፍ የሚያገኙበትን መንገድ ይዟል።

«ገንዘብ የሌለው ተማሪ በገንዘብ ጉዳይ ምን ያመጣል?»

በየካቲት 1957 አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች መሬት ነበራቸው? በተማሪዎች ንቅናቄ ጽሑፉ የሚታወቀው ዋለልኝ መኮንን የተማረው እዚሁ ደሴ፣ ወይዘሮ ስኅን ትምህርት ቤት ነው። በሐሳቡ ዛሬም እንከራከራለን፤ መከራከርም አለብን። ተማሪ ምንም አያመጣም የሚል ሰው ግን በዚህ ከተማ ሊኖር አይገባም ነበር። አዶናል ፎይል የሚባል፣ ከካሪቢያን ደሴት መጥቶ አሜሪካ የተማረ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ብሩን ለእጩ መስጠት ሲችል እ.ኤ.አ. በ2001 «ዲሞክራሲ ማተርስ» የሚባል የተማሪዎች ድርጅት አቋቋመ። የኮሌጅ ተማሪዎች በየግቢያቸው በዚህ ጉዳይ እንዲሠሩ ማለት ነው። ተማሪ ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህም ውለታ የለበትም።

ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆናችሁ ኮምቦልቻ ግቢ፣ ክበብ ለምትመሩ ልጆች የምለው ይህን ነው። ከሰፈራችሁ ጀምሩ፤ ከጓደኞቻችሁ ምርጫ፣ ከማኅበራችሁ፣ ከእድራችሁ። ሰው ስም አታጥፉ፤ ቁጥር አውጡ። ያላረጋገጣችሁትን አትለጥፉ፤ አንድ የተሳሳተ ቁጥር የዓመት ሥራ ያበላሽባችኋል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ስትፈልጉ በጽሑፍ ጠይቁ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 መብቱን ይሰጣችኋል። የጠየቃችሁበትን ደብዳቤ ግልባጭ አስቀሩ፣ ቀኑን ጻፉበት። የማንም ፓርቲ ቲሸርት ለብሳችሁ ስብሰባ አትምጡ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የራሳችሁን ክበብ ሒሳብ ሰሌዳ ላይ አውጡ፤ ራሳችሁ ሳትጠየቁ ያላሳያችሁትን ከሌላ ሰው መጠየቅ አይሆንም።

ባለፈው ወር አንድ ነጋዴ ለክበባችን ባነር ላሠራላችሁ አሉ። ቅን ሰው ናቸው። የሱቃቸው ስም ከሥር እንዲጻፍ ብቻ ጠየቁ። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት ተከራከሩ፤ እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ሁለት ልጆች ሱቁ ድረስ ሄደው አመስግነው፣ ምክንያቱን አስረድተው ተመለሱ። ባነሩን በአቡጀዲ ላይ ራሳቸው ጻፉት። የጨርቁና የቀለሙ ደረሰኝ ከጎኑ ተለጥፏል።