የፕሮሞሽን ዕቃ ንግድ ምንድን ነው?

ታላቁ ሩጫ ካለፈ ከወራት በኋላም ቲሸርቱ አዲስ አበባን ሲዞር ይከርማል። የቀን ሠራተኛው ለብሶት አሸዋ ያቀብላል፣ የታክሲ ረዳቱ ለብሶት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። ሩጫው በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ የምናየው ነው። ቲሸርቱ ላይ ስሙን ያሳተመ ድርጅት የከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ ስሙ ግን ጨርቁ እስኪያልቅ ይታያል።

ፕሮሞሽን ዕቃ የሚባለው ይህ ነው፤ የድርጅት ስም ወይም ሎጎ ታትሞበት በነጻ የሚታደል፣ ተቀባዩም ስለሚጠቅመው የማይጥለው ዕቃ። እስክሪብቶ፣ ኮፍያ፣ አጀንዳ፣ ኩባያ፣ ጃንጥላ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ሥራው እንደ ንግድ መልክ የያዘው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሾክተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጃስፐር ሚክ የተባለ የጋዜጣ አሳታሚ ማተሚያው ሥራ ፈትቶ እንዳይቆም ዘዴ ፈለገ። ለአንድ ጫማ ነጋዴ የተማሪ የመጻሕፍት ቦርሳ ላይ ማስታወቂያ አተመለት። ልጆቹ ቦርሳውን ይዘው በተመላለሱ ቁጥር የጫማ ቤቱ ስም አብሮ ዞረ።

ዛሬ በዚህ ንግድ ለመሰማራት ፋብሪካ ግድ አይደለም። ብዙዎች በደንበኛውና በአታሚው መካከል ቆመው ነው የሚሠሩት፤ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰጣሉ፣ ሳምፕል ያሳያሉ፣ አሳትመው ያስረክባሉ። ታዲያ የሚሸጡት ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ስህተት ሲፈጠር ተጠያቂ መሆንንም ጭምር ነው። በእኔ እይታ የሥራው ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ጀማሪን የሚያከስረው የዝግጅት ወጪ ነው። በስክሪን ህትመት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን፣ ማለትም ቀለሙን የሚያሳልፍ የተወጠረ ወንፊት ጨርቅ፣ ይዘጋጃል፤ የሚታተመው 20 ቲሸርት ሆነ 500፣ ድካሙ ያው ነው። ዝግጅቱ 3,000 ብር ቢፈጅ፣ በ20 ሲካፈል በአንዱ ላይ 150 ብር ይጨምራል፣ በ500 ሲካፈል ግን 6 ብር ብቻ። ለ500 የሰጠውን ዋጋ ደንበኛው «እስቲ መጀመሪያ 20 ሥራልኝ» ሲለው ያልለወጠ ነጋዴ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ ብዛትና የቀለም ቁጥር አብረው ይጻፉ።

ሌላው ጣጣ ሎጎው ነው። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ሲያሳድጉት ይደበዝዛል፤ ዲዛይነሩ የሠራበትን ዋናውን ፋይል መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እስክሪብቶ ላይ አሳንሰው ሲያትሙት ቀለሙ ይደፍነውና «ቡ» ከ«ቢ» አይለይም። ስለዚህ ጽሑፉ አጭር፣ ፊደሉም ተለቅ ያለ ይሁን። ደንበኛው ሳምፕሉን አይቶ ሳይፈርምበት ደግሞ ማተም አይጀመርም። ቅድመ ክፍያ ሳይቀበሉም እንዲሁ፤ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ገንዘቡን የሚለቁት ከርክክብ በኋላ ቆይተው ስለሆነ፣ የወረቀቱንና የቀለሙን ዋጋ እስከዚያ የሚችለው ነጋዴው ነው።

ከሁሉም በላይ ቀን የማይምረው ሥራ ካላንደር ነው። በእኛ አቆጣጠር 13 ወር ስላለው ከውጭ የተዘጋጀውን አምጥቶ ስም ማተም አይሆንም፤ ከነበዓላቱ እዚሁ መሠራት አለበት። አዲሱ ዓመት መስከረም 1 ይገባል፣ ማተሚያ ቤቶች ደግሞ ነሐሴ ላይ ይጨናነቃሉ። ትእዛዙ ሐምሌ ላይ ካልተፈረመ ይዘገያል፤ ጥቅምት ላይ የሚደርስ ካላንደር ደግሞ ግድግዳው በሌላ ድርጅት ካላንደር ተይዞ ይጠብቀዋል።