የካባችኒክ–ፊልድስ አጸግብሮት፦ ሦስቱን በአንድ ብልቃጥ

የካባችኒክ–ፊልድስ አጸግብሮት አሚን (ናይትሮጅን የያዘ ውህድ)፣ አልዲሃይድ ወይም ኬቶን (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ትስስር የተያያዙባቸው ውህዶች)፣ እንዲሁም ዳይአልኪል ፎስፋይት (ፎስፈረስ የያዘ ውህድ) በአንድ ብልቃጥ ተገናኝተው አልፋ-አሚኖፎስፎኔት የተባሉ ውህዶችን የሚሰጡበት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ማርቲን ካባችኒክና ታትያና ሜድቬድ በሶቪየት ኅብረት፣ ኤሊስ ፊልድስ ደግሞ በአሜሪካ፣ ለየብቻቸው አስተዋወቁት። ሜድቬድ ከመጠሪያው መቅረቷ ያስቆጫል።

እነዚህ ውህዶች የአሚኖ አሲድ ዘመዶች ናቸው፤ የአሚኖ አሲዱ አሲዳዊ ክፍል የሆነው ካርቦክሲል በሚቀመጥበት ቦታ ፎስፈረስ ይዘዋል። ካርቦክሲል ዝርግ ሲሆን ከፎስፈረሱ ግን ትስስሮች ወደ አራት አቅጣጫ ይዘረጋሉ። ይህ ቅርጽ ኢንዛይም ፕሮቲን ሲቆርጥ ለቅጽበት ብቻ የሚፈጠረውን ቅርጽ ስለሚመስል ኢንዛይሙ ይይዘዋል፤ ሊቆርጠው ግን አይችልም። ፀረ-ባክቴሪያው አላፎስፋሊን ደግሞ በሌላ መንገድ የሚሠራ የሚገርም ምሳሌ ነው። ባክቴሪያው ምግብ መስሎት ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ራሱ ይፈታዋል፣ የተፈታው ቁራጭ ደግሞ የሕዋስ ግድግዳ ሥራውን ያስተጓጉልበታል። አረም ማጥፊያው ግላይፎሴትም ከዚሁ ቤተሰብ መሆኑን ልብ ይሏል።

አንድ ብልቃጥ ቀርበን እንይ። መራራ ለውዝ የሚሸተው ቤንዛልዲሃይድ (ሞለኪውላዊ ክብደቱ 106)፣ አኒሊን (93) እና ዳይኢታይል ፎስፋይት (138) ይገባሉ፤ ድምራቸው 337 ነው። የሚገኘው ምርት 319 ይመዝናል። የቀረው 18 ውሃ ነው፤ ከገባው ክብደት 95 በመቶ ያህሉ ምርት ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

ችግሩ ያው ውሃ ነው። ቦሮን ትራይፍሎራይድና ቲን ቴትራክሎራይድን የመሳሰሉ የቆዩ ካታሊስቶች (አጸግብሮት አፋጣኞች) ውሃ ሲነካቸው ስለሚበላሹ፣ ኬሚስቱ መጀመሪያ ከአሚኑና ከአልዲሃይዱ የሚገኘውን መካከለኛ ውህድ፣ ኢሚኑን፣ ለብቻው ሠርቶ ፎስፋይቱን በኋላ ለመጨመር ይገደድ ነበር። እንደ ኢተርቢየም ያሉ የላንታናይድ ብረቶች ጨው የሆኑት ትራይፍሌቶች ውሃን ስለሚችሉ ሁሉንም በአንዴ መጨመር ተቻለ። ማግኒዥየም ፐርክሎሬትም ይሠራል፤ ፐርክሎሬት ግን ከኦርጋኒክ ነገር ጋር ሊፈነዳ ስለሚችል እንደ ገበታ ጨው አይያዝም።

“አዲስ ካታሊስት አገኘን” የሚሉ ጽሑፎች እጅግ በዝተዋል፤ ብዙዎቹም በቀላሉ በሚዋሃዱት ቤንዛልዲሃይድና አኒሊን ላይ ይፈትኑታል። የቡዳፔስቱ ጆርጅ ኬግሌቪች ቡድን በማይክሮዌቭ ሙቀት ያለ ካታሊስት ሠርቶ አሳይቷል። የካታሊስት ዋጋ የሚለየው ሰነፍ ኬቶን ወይም ደካማ አሚን ሲቀርብለት ነው። ከዚህም የሚከብድ ፈተና አለ፦ ተራ ካታሊስት ግራና ቀኝ እጅ የሚመስሉትን ሁለቱን ቅርጾች እኩል ይሰጣል፣ ኢንዛይም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው።