እብነ በረድ ምንድን ነው?

እብነ በረድ ቀድሞ የኖራ ድንጋይ የነበረ፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ዐለት (ልውጥ ዐለት) ነው። የኖራ ድንጋይ ባሕር ወለል ላይ ከተጠራቀመ የዛጎል ስብርባሪና የካልሲየም ካርቦኔት ጭቃ ይሠራል። የመሬት ቅርፊት ሲገፋፋና ሲታጠፍ ይህ ንጣፍ ኪሎ ሜትሮችን ወደ ታች ይወርዳል፤ ወይም ቅልጥ ዐለት ከሥሩ መጥቶ ያግለዋል።

ብዙ ሰው ቀልጦ እንደገና የረጋ ይመስለዋል። አይደለም፤ ድንጋዩ ጠጣር እንደሆነ ነው የሚለወጠው። በጥቂት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደቃቁ የካልሳይት (የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) ቅንጣት ከአጠገቡ ካለው ጋር እየተዋሐደ ያድጋል፣ ጠርዙም እርስ በርስ ይቆላለፋል። አዲስ ስብራት ላይ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጨው ይኸው ነው። የዛጎሉ ቅርጽም በዚሁ ይጠፋል። ስለዚህ «ማርብል ነው» የተባለ ንጣፍ ላይ የቀንድ አውጣ ዛጎል ጥርት ብሎ ከታየ፣ የተወለወለ የኖራ ድንጋይ ነው ማለት ነው።

የኖራ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ 900 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አውጥቶ ኖራ ይሆናል። ከመሬት በታች እንዲያ የማይሆነው የላዩ ዐለት ጋዙን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ንጹሑ እብነ በረድ ነጭ ይወጣል፤ ግራፋይት ግራጫ፣ የብረት ኦክሳይድ ቀይ ወይም ቢጫ፣ ሰርፔንቲን የተባለ ማዕድን አረንጓዴ ያደርገዋል።

በኢትዮጵያ እብነ በረድ የሚገኘው ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆናቸው አሮጌ ዐለቶች ውስጥ ነው፤ ለምሳሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ። የሙገርና የመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ግን ጁራሲክ በተባለው የዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ያነጠፈው ነው፤ ለለውጥ የሚበቃ ሙቀት ስላላገኘው እንደነበረ ቆይቶ ዛሬ ለሲሚንቶ ይፈጫል።

ገበያ ላይ ከግራናይት ለመለየት ከንጣፉ ጀርባ በቢላዋ ጫፍ ይጫሩት። እብነ በረድ ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚለካው የሞህስ መለኪያ 3 ገደማ ስለሆነ ይቦረቦራል፤ የግራናይት ኳርትዝ 7 ነውና ቢላዋው ራሱ የብረት መስመር ጥሎበት ያልፋል። በዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው። ዶሎማይት (ማግኒዚየም ያለበት ካርቦኔት) ያለበት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያረፋው፤ ቶሎ አይፍረዱ።

ወጥ ቤት መደብ ላይ ሎሚ ሲፈስ የሚቀረው የደበዘዘ ምልክትም ከዚሁ የመጣ ነው። አሲዱ ውልውሉን ስለበላው በሳሙና አይለቅም፤ ቦታውን እንደገና ማስወልወል ያስፈልጋል። የሚቀባው መከላከያም ዘይትና ቡና እንዳይሰርጉ ያግዛል እንጂ ሎሚን አያቆምም።