ኢንፎርሜሽን ሳይንስ በድህረ ምረቃ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ሲታይ

ኢንፎርሜሽን ሳይንስ መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ እንደሚደራጅ፣ እንደሚጠበቅና ለፈላጊው እንደሚደርስ የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። አንድ ወገኑ ቤተ መጻሕፍትና መዝገብ ቤት፣ ሌላው ወገኑ ኮምፒውተር በመሆኑ ትምህርቱን ከውጭ ለሚያይ ሰው መልኩ ቶሎ አይለይም። ዘመድ «ኮምፒውተር ነው የምትማረው?» ብሎ ሲጠይቅ አዎ ማለትም አይደለም ማለትም ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ የዘርፉ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ሲቋቋም ነው። የቀድሞ ተማሪዎቹ ዛሬም በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ «ሲሳ» እያሉ የሚጠሩት ይህ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልና በዩኔስኮ ድጋፍ ሲሆን፣ የታሰበው ለኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም፤ ለምሥራቅና ለደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮችም ባለሙያ እንዲያፈራ ነበር። ኋላ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት የሚለውን ስም ያዘ። ከዚያ ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ የክልል ዩኒቨርሲቲዎችም ዘርፉን ማስተማር ጀምረዋል።

በአዲስ አበባ ትምህርቱ ያለው መሃል ከተማ ነው፤ ተማሪው ግን በአብዛኛው የሚኖረው ዳር ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ መኖሪያው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ነው። ዕጣ ያልደረሰውን ደግሞ የቤት ኪራይ እየገፋ ወደ ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ አውጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ነዋሪ ባቡሩ ዘንድ ለመድረስ ራሱ ሌላ ትራንስፖርት መያዝ አለበት። ከቱሉ ዲምቱ ስድስት ኪሎ የሚመላለስ የማታ ተማሪ ቃሊቲ ወይም ጎሮ ላይ ታክሲ ይቀይራል፤ ጭንቀቱም ክፍለ ጊዜው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ነው። ሲመሽ ወደ ዳር የሚሄድ ታክሲ ያጥራል፣ ሲገኝም ታሪፍ አያከብርም። የሥራ ሰዎች የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብርን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ነገሩ ጥቂት ፈገግ ያሰኛል፤ በጎሮ አቅጣጫ ባለው አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የዳታ ማዕከላት ተተክለዋልና። መረጃው ዳር ተቀምጦ ስለ መረጃ የሚያስተምረው ተቋም መሃል ነው።

ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ካልሆነም በራስ ከፍሎ የመማር አቅም ይጠይቃል። አመልካቹን የሚያማርረው ግን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ወረቀቱ በአመልካቹ እጅ ሳያልፍ ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ታሽጎ መምጣት አለበት፤ እሱን ለማስላክ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳ መክፈልን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈለጋል። ስለ መረጃ ፍሰት ሊማር የተነሳ ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት ሬጅስትራር በር ላይ ያገኘዋል።

በመደበኛው መርሐ ግብር ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ዓመት የኮርስ ነው፦ የመረጃ ማከማቻና ፍለጋ፣ ዳታቤዝ፣ የሥርዓት ትንተናና ንድፍ፣ የዕውቀት አስተዳደር፣ የምርምር ዘዴ። ለመመረቅ አማካይ ውጤት ከ3.00 ማነስ የለበትም። ሁለተኛው ዓመት የቲሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የጥናት ጽሑፎችን በካምፓስ ዋይፋይ በብዛት አውርዶ በላፕቶፕ ወይም በፍላሽ ይዞ መግባት የዳር ተማሪ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሰፈሩ መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው እስከሚያልቅ ያነባል። የጤና ጉዳይ ለሚያጠና ተማሪ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ውድ የጥናት መጽሔቶችን ከፍቶለታል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አራት ኪሎ ላይ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ለማንበብ ምቹ ነው፤ ለዳር ሰው ግን ያው መሃል ከተማ ነው።

ዘርፉ በኢትዮጵያ የራሱን ፍሬ ያፈራው በአማርኛ ጽሑፍ ፍለጋ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩን ለማየት «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም በአንድ መዝገብ ውስጥ መፈለግ ይበቃል። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ሥ በስ፣ ሴ በሤ ይለዋወጣሉ። ይህ ብቻ 24 አጻጻፍ ይሰጣል፤ ስሙ ተጣምሮ ወይም ተነጣጥሎ ሲጻፍ 48 ይደርሳል። «ኃ/ሥላሴ» የሚለው አሕጽሮት ገና አልተቆጠረም። ፊደላቱ በድምፅ አንድ መሆናቸውን ያልተነገረው ማሽን አርባ ስምንቱን እንደ አርባ ስምንት ሰዎች ያያቸዋል። ቀጥሎ የግስ ጣጣ ይመጣል። ለእንግሊዝኛ የቃሉን ጅራት መቁረጥ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ «ስለማይመለሱላቸውም» ከሚለው ቃል ውስጥ «መለሰ»ን ለማውጣት ግን ከፊትም ከኋላም መግፈፍ፣ ከመሃልም የአናባቢውን ለውጥ መከታተል ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ በወጣው አንድ ወጥ የኮምፒውተር ኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። የግንድ ቃል ማውጫ፣ የታተመ ጽሑፍ ማንበቢያ፣ የድምፅ መለያ፣ የፊደል ማረሚያ፦ በእነዚህ ላይ የተሠሩ በርካታ የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ፤ በእኔ ግምት ከትምህርት ቤቱ ሥራዎች ሁሉ ዕድሜ የሚኖራቸውም እነሱ ናቸው።

የዘመን አቆጣጠሩም ሥራ አለው። የእኛ ዓመት ከፈረንጁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም በሰባት፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በስምንት ስለሚያንስ፣ ወር ያልተጻፈበት ቀን ያለው ሰነድ ሲለወጥ ሁልጊዜ የአንድ ዓመት ጥርጣሬ ይዞ ይሄዳል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ባለመሆኑ በውጭ የመረጃ ቋት ውስጥ ብዙ የኢትዮጵያ ደራሲ በአባቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል።

ከዳር ለሚመጣ ተማሪ አንድ ሌላ ማሳ አለ፤ እስካሁን በቅጡ አልታረሰም። የአዲስ አበባ ጫፍ ሁለት አስተዳደሮችና ሁለት ፊደላት የሚገናኙበት ነው። አማርኛ በግእዝ ፊደል፣ አፋን ኦሮሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በላቲኑ ቁቤ ይጻፋል። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ሸገር ከተማ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ለገጣፎን የመሳሰሉ ከተሞችን በአንድ ሲያጠቃልል ፋይሎቻቸውም ተከትለው መጡ። በአንድ መዝገብ ቤት ሸልፍ ላይ በካርቶን የታሰረ የአማርኛ የይዞታ ፋይልና በቁቤ የተጻፈ አዲስ ካርታ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ፤ ባለይዞታው አንድ ሰው፣ ስሙ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ባለጉዳዩ በሦስት ምስክርና በቃለ መሐላ «እኔ እኔ ነኝ» እንዲል የሚገደደው ከዚህ የተነሳ ነው። ይህን ማዛመድ የመረጃ ፍለጋ ኮርስ ዋና ጥያቄ ሆኖ ሳለ፣ ሰፈሩ ችግሩን በየቀኑ የሚያይ ተማሪ ሌላ ርእስ ይመርጣል።

የሚመረጠው ርእስ ይታወቃል። የአንድ መሥሪያ ቤት ዳታ ይገኛል፣ የታወቁ የዳታ ማይኒንግ (ከብዙ ዳታ ውስጥ የተደበቀ ዝምድናን የመፈለጊያ) ስልቶች ይሞከሩበታል፣ ይበልጥ ትክክል የሆነው ይጠቀሳል፣ «መሥሪያ ቤቱ ቢጠቀምበት ይበጃል» ተብሎ ይደመደማል። አሠራሩ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ አማካሪዎችም የሚፈቅዱት በጊዜው ስለሚያልቅ ነው። ከባዱ ዳታውን ማግኘት ነው። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ተደራሽነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋው የመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ቢደነግግም፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ፊት የሚሠራው ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ነው። የሰው ስምና የጤና ሁኔታ የያዘ ዳታ ከሆነ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተጨምሯል፤ እሱ ተገቢ ነው።

ፕሮፖዛል ከጸደቀ በኋላ የሚቀረው ጽሕፈት፣ ዲፌንስ (ጥናቱን በፈታኞች ፊት ቀርቦ መከላከል) እና የፈታኞች እርማት ነው። የተጠረዘው ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት፣ ኤሌክትሮኒኩ ለዩኒቨርሲቲው የቲሲስ ማኅደር ይገባል፤ ከዚያ ማንም በኢንተርኔት ያነበዋል። ምሩቁ ወደ ባንክ፣ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ወደ ጤና መረጃ ሥራ ወይም ወደ ማስተማር ይሄዳል። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውን ወመዘክርን የመሰለ የመዛግብትና የመጻሕፍት ቤት የሚመርጠው ጥቂቱ ነው፤ ደመወዙ ከባንክ ጋር አይወዳደርም። የወረዳ መዝገብ ቤት የሥራ መደብ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ስለማይጠይቅ፣ ምሩቁ ቢፈልግ እንኳ በትምህርት ደረጃው የሚቀጠርበት ቦታ አያገኝም።