የምርኮ አውሮፕላን ምንድን ነው? የፈረንሳይ ተዋጊ አውሮፕላኖች በጀርመን ማሰልጠኛ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፎቶዎችን የሚያገላብጥ ሰው አንዳንዴ ግራ የሚያጋባ አውሮፕላን ያጋጥመዋል። ቅርጹ የፈረንሳይ ነው። ክንፉ ላይ ያለው ግን ጥቁሩ የጀርመን መስቀል ነው። የምርኮ አውሮፕላን የሚባለው ይህ ነው፤ ከጠላት እጅ ተወስዶ፣ ምልክቱ ተቀይሮ፣ ለማራኪው ሥራ የገባ አውሮፕላን። ጀርመኖች ከፈረንሳይ ከወሰዷቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ግንባር አልሄዱም፤ የአብራሪ ማሰልጠኛ ነው የገቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በደንብ የሚያሳየው ደዋቲን ዲ 520 ነው። ኤሚል ደዋቲን የነደፈው ባለ አንድ መቀመጫ ተዋጊ ሲሆን ኦክቶበር 2 ቀን 1938 ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ላይ ያወጣው የሙከራ አብራሪው ማርሴል ዶሬ ነበር። ስሙን ያዙት፣ በኋላ ይመጣል። አውሮፕላኑ ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበረው፤ መድፉ የሚተኩሰው በፕሮፔለሩ መሃል በኩል ነው። በክንፎቹ ላይ ደግሞ 4 መትረየሶች አሉ። ፈረንሳይ ራሷ ከሠራቻቸው ተዋጊዎች ከጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ጋር ፊት ለፊት መግጠም የሚችለው ይህ ነበር። ችግሩ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ወደ ውጊያ የገባው በሜይ 1940 አጋማሽ፣ ፈረንሳይ እጅ ሰጥታ የተኩስ አቁሙን የፈረመችው ጁን 22። ምን ጊዜ አለው?

ምርኮው ሁለት ጊዜ ነው የተገኘው። የመጀመሪያው በ1940 ነው። ያኔ ጀርመን ሰሜኑን ይዛ በደቡብ ያለው፣ ከጀርመን ጋር የተስማማው የፈረንሳዮቹ የቪሺ መንግሥት የራሱን አየር ኃይል እንዲያቆይ ፈቀደች። የቪሺ አውሮፕላኖች ከሩቅ ይለዩ ነበር፦ በ1941 አፍንጫቸውና ጭራቸው በቀይና ቢጫ ሸንተረር ተቀብቶ ነበር። ሁለተኛውና ትልቁ የመጣው በኖቬምበር 1942 ነው። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ሰሜን አፍሪካ ላይ ሲያርፉ ጀርመኖች ኖቬምበር 11 ቀን ደቡቡንም ያዙት። አየር ማረፊያዎቹ ላይ የቆሙትን ዲ 520ዎች ብቻ ብንቆጥር ከ200 በላይ ናቸው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ያለው የዲ 520 ፋብሪካም ለጀርመን መሥራቱን ቀጠለ።

ለምን ማሰልጠኛ? መልሱ ቀላል ነው። መንጃ ፈቃድ ለሚማር ልጅ አዲስ ላንድክሩዘር የሚሰጥ የለም። ሜሰርሽሚቱ ለግንባር ይፈለጋል፤ ሰልጣኝ ደግሞ ማረፊያ ላይ ጎማ ይሰብራል፣ ክንፍ ያጣምማል። የምርኮው አውሮፕላን ግን ፈጣን ነው፣ እውነተኛ መሣሪያ አለው፣ ቢሰበርም ብዙ አያስቆጭም። ፍጥነት መቁጠሪያውም በኪሎ ሜትር፣ ከፍታውም በሜትር ስለነበር ለጀርመን ሰልጣኝ አዲስ ስሌት አልነበረበትም።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ1943 ጀርመን የተዋጊ አብራሪ ትምህርት ቤቶቿን ስም ቀይራ «ያግትገሽቫደር» ከ101 ጀምሮ ብላ ቁጥር ሰጠቻቸው። ያ ስም የውጊያ ክፍለ ጦር ስም ነው። ስለዚህ «ዲ 520 በያግትገሽቫደር 105 አገልግሏል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ግንባር የተዋጋ ይመስላል። አይደለም፤ ተማሪ ነው የተሳፈረበት።

ለተማሪ የሚመች ነበር ወይ? እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ። ታዋቂው የእንግሊዝ የሙከራ አብራሪ ኤሪክ ብራውን ዲ 520ን አብርሮታል፤ ወደደውም ለማለት ይከብዳል። መልኩ ያምራል፣ አበራረሩ ግን እንደ መልኩ አይደለም ባይ ነው። ካረፈ በኋላ እንኳ እምነት አይጣልበትም ነበር። ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ገብቶ ሞተሩ እስኪጠፋ መሪውን መልቀቅ የለም፤ ቀስ ብሎ ሲሄድ ድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል። ኮክፒቱ (አብራሪው የሚቀመጥበት) ደግሞ ከክንፉ ወደ ኋላ ርቆ የተቀመጠ ነው። መሬት ላይ ሳለ አብራሪው ከፊቱ የሚያየው ረጅም አፍንጫ ነው። ልምድ ያለው ሰው እንዲህ ካለ የ19 ዓመት ልጅ ምን ይበል?

ይህን ሁሉ የጀርመን ብልጠት አድርገው የሚተርኩ አሉ። እኔ ግን ከብልጠቱ ይልቅ እጥረቱ ነው የሚታየኝ። አሸናፊ አየር ኃይል ተማሪዎቹን መለዋወጫው በወጉ በማይገኝለት የሰው አውሮፕላን ላይ አያሳፍርም። በጦርነቱ መጀመሪያ አንድ ጀርመናዊ ተዋጊ አብራሪ ከ200 ሰዓት በላይ በርሮ ነበር ግንባር የሚሄደው። በ1944 መጨረሻ ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ። የጎደለው ነዳጅና አስተማሪ ነው፤ ያንን ደግሞ የተማረከ አውሮፕላን አይሞላውም።

የተረፈው ለወዳጅ ተከፋፈለ። ጣሊያንም ቡልጋሪያም ዲ 520 ደርሷቸዋል። ቡልጋሪያዎቹ እንዲያውም ሶፊያን ሊደበድቡ የመጡ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮችን ገጥመውበታል።

ማርሴል ዶሬ ጋ እንመለስ። በ1944 ክረምት ጀርመኖች ደቡብ ፈረንሳይን ለቀው ሲወጡ ፈረንሳዮች የተተዉትን ዲ 520ዎች ሰበሰቡ። ዶሬም የራሱን ቡድን አቋቋመና በአትላንቲክ ዳርቻ፣ ሮያን አካባቢ ተከበው የቀሩትን ጀርመኖች በዚሁ አውሮፕላን መታቸው። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳዮች የተወሰኑትን ባለ ሁለት መቀመጫ አድርገው፣ ጀርመኖች እንዳደረጉት፣ ለማሰልጠኛ አዋሏቸው። የመጨረሻዎቹ ጡረታ የወጡት በ1953 ነው።