የግል ትምህርት ቤቶች የክፍያ ድጋፍ የሚጠይቅ ቤተሰብን እንዴት ያጣራሉ?

የግል ትምህርት ቤት ክፍያ የከበደው ቤተሰብ ድጋፍ ሲጠይቅ፣ ትምህርት ቤቱ የቤቱን ገቢ፣ ወጪ፣ ንብረትና ዕዳ ይመረምራል። ከዚያ ቤተሰቡ በዓመት ስንት መክፈል እንደሚችል ይገምታል። የጎደለውን በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍናል። ይህ ከነጻ የትምህርት ዕድል ይለያል። ነጻ ዕድል በአብዛኛው በትምህርት፣ በሙዚቃ ወይም በስፖርት ለጎበዘ ልጅ የሚሰጥ ሽልማት ነው። ድጋፍ ግን ኪስ ታይቶ የሚሰጥ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ወላጅ ስለ ልጁ ጉብዝና ረጅም ደብዳቤ ይጽፍና የገቢ ማስረጃውን ይረሳዋል።

ጥያቄው «ይህ ቤተሰብ ድሃ ነው ወይ?» አይደለም። «ስንት መክፈል ይችላል?» ነው። ለዚህ ነው ቋሚ ደሞዝና የራሳቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ጭምር ድጋፍ የሚያገኙት። «እኛማ ለዚህ አንታሰብም» ብሎ ሳያመለክት የሚቀር ቤተሰብ አለ። ያሳዝናል፤ ቅጹን ቢሞላ ኖሮ ልጁ ገብቶ ይማር ነበር።

የዛሬው ስሌት መሠረቱ ከአሜሪካ ኮሌጆች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ሞንሮ የቤተሰብን የመክፈል አቅም በቀመር የሚለካበት መንገድ አዘጋጀ። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን ሥራ ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ላይ የሚሠራ አገልግሎት አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከገቢ ላይ ግብርና የግድ የሚሉ የኑሮ ወጪዎች ይቀነሳሉ። ከሚተርፈው የተወሰነው እጅ ለትምህርት ይሆናል። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶችም ተመሳሳይ ስሌት ይጠቀማሉ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ምርመራ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ላለ ድርጅት ይሰጣሉ። ኤስ ኤስ ኤስ፣ ፋክትስና ክላሪቲ በሰፊው ይታወቃሉ። ወላጅ ኦንላይን ቅጽ ይሞላል፣ የግብር ወረቀቱንና የደሞዝ ማስረጃውን ይጭናል። ድርጅቱ ቁጥሮቹን አስልቶ ግምቱን ለትምህርት ቤቱ ይልካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድርጅቱ አይወስንም። የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ግምቱን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግም ይችላል። ስለዚህ ለሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ወረቀት ያስገባ ቤተሰብ ሁለት የተለያየ መልስ ቢያገኝ ሊገርም አይገባም።

እንግሊዝ ውስጥ ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1552 የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ዛሬም የብዙ ተማሪዎቹን ክፍያ የሚተምነው የወላጆችን ገቢ አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 መንግሥት ራሱ የግል ትምህርት ቤት ክፍያን በወላጅ ገቢ ልክ የሚደጉምበት ሥርዓት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥርዓቱ እንዲቀር ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ የትምህርት ቤቶቹ ሆነ። ሕንድ ደግሞ ማጣራቱን ከትምህርት ቤቱ እጅ አውጥታለች። እ.ኤ.አ. የ2009ኙ የትምህርት መብት ሕግ የግል ትምህርት ቤቶች ከመግቢያ ክፍላቸው ቢያንስ 25 በመቶውን ቦታ አቅም ለሌላቸውና ለተገፉ ቤተሰቦች ልጆች እንዲተዉ ያዛል። ቤተሰቡ ገቢውን የሚያረጋግጠው ከመንግሥት ቢሮ በሚያገኘው የምስክር ወረቀት ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በአብዛኛው የሚጠየቀው የቅርብ ዓመታት የግብር ሰነድ፣ የደሞዝ ማስረጃ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ብድር ወይም የኪራይ ውልና የዕዳ ዝርዝር ነው። ደሞዝተኛ ከሆንክ ነገሩ በአንድ ምሽት ያልቃል። ፈተናው የራሱ ሥራ ላለው ሰው ነው።

እንበል፣ አንዲት እናት አነስተኛ የዕቃ ማጓጓዣ ሥራ አላት። በዓመቱ 120 ሺህ ዶላር አስገባች። ነዳጅ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስና የመኪናው የእርጅና ተቀናሽ (መኪናው በማርጀቱ ዋጋው የቀነሰው መጠን) ተደምረው ወጪዋ 90 ሺህ ሆነ። የግብር ወረቀቷ ላይ ትርፏ 30 ሺህ ነው። ገምጋሚው ግን እዚያ አያቆምም። ወጪውን ሲዘረዝር 18 ሺው የእርጅና ተቀናሽ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ገንዘብ በዚያ ዓመት ከእጇ አልወጣም። ስለዚህ መልሶ ይደምረዋል። ለትምህርት ቤቱ ስሌት ገቢዋ 48 ሺህ ይሆናል ማለት ነው።

ብዙ ወላጆች እዚህ ላይ «ዋሽታለች አሉኝ እኮ» ብለው ይቆጣሉ። ማንም ዋሽታለች አላለም። የግብር ሕግ የሚጠይቀው ሌላ፣ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ግን ስሌቱ በዚህ ብቻ ካለቀ ፍትሐዊ አይደለም። እናትየዋ የመኪናውን ብድር በየወሩ እየከፈለች ነው። ከብድሩ ወለዱ እንጂ ዋናው ገንዘብ በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ጠንቃቃ ገምጋሚ የብድሩን ውል ይጠይቃታል፣ በእርግጥ ከእጇ የሚወጣውን ያያል። ግዴለሹ ደምሮ ያልፋል። በሁለቱ መካከል የአንድ ልጅ የትምህርት ዓመት ሊኖር ይችላል።

ገቢው በጥሬ ገንዘብ የሚመጣ ሰው ነገር ከዚህም ይከብዳል። ወረቀቱ የሚያሳየው ገቢና የቤቱ ወጪ ካልተመጣጠኑ ገምጋሚው ይጠይቃል። ገቢው በዓመት 25 ሺህ፣ የቤት ኪራዩ ብቻ 24 ሺህ ከሆነ፣ ምግቡ ከየት መጣ? መልሱ ብዙ ጊዜ ቀና ነው። አያት ያግዛሉ፣ ወንድም ይልካል፣ ከቁጠባ እየተበላ ነው። ይህን በሁለት መስመር አስቀድሞ የጻፈ ቤተሰብ ከብዙ ምልልስ ይድናል። የዘመድ እርዳታ እንደ ገቢ ሊቆጠር ስለሚችል ግን በየጊዜው የሚመጣ ይሁን የአንድ ጊዜ መለየት ያስፈልጋል።

የተፋቱ ወይም ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች ጉዳይ ሌላው አስቸጋሪ ቦታ ነው። ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሁለቱንም ወላጆች ወረቀት ይፈልጋሉ። ፍርድ ቤት «የትምህርት ወጪ በአባት ላይ የለም» ብሎ ቢወስንም፣ ትምህርት ቤቱ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ መክፈል የሚችል ወላጅ ዞር ስላለ ብቻ ሸክሙ ወደ ትምህርት ቤቱ ካዝና መዞር የለበትም። ሆኖም አባቱ የት እንዳለ የማይታወቅ ልጅ አለ። ከሚደበድባት ሰው የሸሸች እናትም አለች። እሷን «ሄደሽ ፊርማውን አምጪ» ማለት ጭካኔ ነው። ደኅና ትምህርት ቤቶች በዚህ ጊዜ ሁኔታውን ከሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ከማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ከጠበቃ ወይም ከሃይማኖት አባት ደብዳቤ ተቀብለው ያልፋሉ።

ሥራ መሥራት እየቻለ ቤት የሚቀመጥ ወላጅ ካለም ትምህርት ቤቱ «ቢሠራ ይህን ያህል ያገኝ ነበር» ብሎ ግምታዊ ደሞዝ ሊጨምርበት ይችላል። ሕፃን ልጅ፣ ሕመም ወይም የሚጦር ሰው ካለ በአብዛኛው ይተዋል። የጡረታ ቁጠባ ብዙውን ጊዜ አይነካም። ቤት ግን ይታያል፤ ዋጋው ከዕዳው ምን ያህል እንደሚበልጥ ይሰላል። ክፍያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት የገቡ ሌሎች ልጆች ካሉ ደግሞ የቤተሰቡ አቅም ለእነሱም ይከፋፈላል።

እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው የቤት ጉብኝት ለብቻው ይነሳ። ከትምህርት ቤቱ ወይም ከተቀጠረ ገለልተኛ ድርጅት አንድ ሰው ይመጣል። ሳሎን ተቀምጦ የወረቀቶቹን ዋና ቅጂ ያያል። ይጠይቃል። ደጅ የቆመውን መኪና፣ የቤቱን እድሳት፣ በስቴትመንቱ ላይ ያለውን የአውሮፕላን ትኬትም ልብ ይላል። ለልጁ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። እናቱ ሻይ እያቀረበች ገመናዋን ስትዘረዝር ከጓዳ ሆኖ ይሰማል። ጉብኝቱ ቅጽ የማይናገረውን ይናገራል፤ አልጋ የያዘች አያት ቅጹ ላይ የለችም፣ ቤት ስትገባ ግን ትታያለች። ከመምጣቱ በፊት ምን እንደሚጠየቅ መንገርና ልጁ ትምህርት ቤት በሚሆንበት ሰዓት መምጣት ግን ትንሽ ነገር ነው፤ ክብርን ይጠብቃል።

ሐሰት ቢገኝስ? ቤተሰቡ ሲያመለክት ያቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጦ ይፈርማል። የተደበቀ ገቢ ከተገኘ ድጋፉ ሊሰረዝ፣ የተሰጠውም ተመልሶ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ የማይገጥም ቁጥር ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። ጠቅላላ ገቢን ከተጣራው ጋር ማምታታት፣ ወርሃዊውን በዓመታዊው ቦታ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

ውሳኔው በበጀትም የታሰረ ነው። እንደ አሜሪካው ፊሊፕስ አካዳሚ አንዶቨር ያሉ ሀብታም ትምህርት ቤቶች የመክፈል አቅምን ሳያዩ ተማሪ ይቀበላሉ፤ ከዚያ የጎደለውን ይሸፍናሉ። ይህን የሚችሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌሎቹ ያላቸውን ገንዘብ ማከፋፈል አለባቸው። ስለዚህ ይገባዋል የተባለ ቤተሰብም «ገንዘቡ አልቋል» ሊባል ይችላል። ቀነ ገደቡ ያለፈበት ማመልከቻ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

የሰው ገመና የያዘው ፋይል በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ መቆየት አለበት። አስተማሪው የትኛው ልጅ ድጋፍ እንዳለው የሚያውቅበት ምክንያት የለም። በደንብ በተደራጀ ትምህርት ቤት ልጁን የሚቀበለው ክፍልና ድጋፉን የሚያየው ክፍል የተለያዩ ናቸው።

ድጋፉ በአብዛኛው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ወረቀቱም እንደ አዲስ ይገባል። ኑሮ ግን የትምህርት ዓመት እስኪያልቅ አይጠብቅም። በኅዳር ሥራውን ያጣ አባት ያለፈው ዓመት የግብር ወረቀቱ አሁንም ጥሩ ደሞዝ ያሳያል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል። የስንብት ደብዳቤውንና የመጨረሻውን የደሞዝ ማስረጃ ይዞ፣ ክፍያው ሳይወዘፍ፣ በዚያው ሳምንት ቢሄድ ጥሩ ነው።