ትራፊክ ፖሊስ ግቢያችሁ ድረስ ተከትሏችሁ ቢመጣስ?
ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ አካባቢ የምትነዱ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነገር አለ፦ ትራፊክ «ቁም!» ሲለኝ ሮጬ ግቢዬ ብገባስ? አጥር ጥፋትን አይሰርዝም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 እንደሚለው፣ ፖሊስ እግር በእግር እየተከተለው ያለ ወንጀለኛ ቤት ቢገባ ያለ ፍርድ ቤት የፍተሻ ማዘዣም ገብቶ መፈተሽ ይቻላል።

መኪናችሁ ከትናንት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆማ ሳለ ግን አንዱ ፖሊስ በር አንኳኩቶ «ኮፈኑን ክፈት፣ ቤቱንም ልይ» ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ቤታችሁንም ንብረታችሁንም ከፍተሻ ይጠብቃል፤ ስለዚህ በትህትና «ማዘዣ አለዎት?» በሉ፣ ይህ ድፍረት አይደለም፣ መብታችሁ ነው። ማዘዣ ቢኖርም ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር ፍተሻው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ተደብቋል የሚል በቂ ጥርጣሬ ካለና ማዘዣ እስኪመጣ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሕጉ ያለ ማዘዣም መፈተሽን ይፈቅዳል።

መንጃ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስትጠየቁ አሳዩ፣ በዚህ አትከራከሩ። ያንን ማሳየት ግን ቤቴን ፈትሹ ማለት አይደለም። ከያዟችሁ ምክንያቱ ወዲያው ሊነገራችሁ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ልትቀርቡ ይገባል።